ነጅሚያ ያላጠፋቻት ላፕቶፕ

ሸሪፍ ወርቅ ሊቆፍር ወደ ዲማ የሄደው የካቲት መጨረሻ ላይ ነበር። «ነበር እንዴ?» አለች ነጅሚያ ሱቋ ውስጥ ብቻዋን፣ ጮክ ብላ። የለም፣ የካቲት ሊሆን አይችልም። የጎረቤት ማንጎ ቆርቆሮው ላይ እየወደቀ እንቅልፍ ይነሳቸው ነበርና ሚያዝያ ሳይሆን አይቀርም። ቀኑ ቢምታታባትም ለባሏ የተናገረችው አልተምታታባትም፤ «ሂድ፣ ወርቅህን ፈልግ! እኔ ግን ደውዬ እንደማልፈልግህ እወቅ።»

እሱም ሄደ፤ እሷም አልደወለችም።

ጋምቤላ ገበያ አጠገብ ያለችው የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቃቸው የምትተዳደረው በአንዲት ላፕቶፕ ነው። የመሬት አቤቱታ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ ሁሉም የሚጻፈው በእሷ ነው። ጽሕፈቱ የነጅሚያ፣ የማሽኗ ጣጣ ደግሞ የሸሪፍ ነበር። ሌባ ስለሚፈራ፣ ላፕቶፗ ጠፍታ ስትነሳ የይለፍ ቃል እንድትጠይቅ አድርጓታል። ጠዋት ጠዋት ነጅሚያ ወለሉን ስትጠርግ እሱ ቃሉን በሁለት ጣቱ ይመታል። ምንድን ነው ብላ ጠይቃው አታውቅም። ባል እያለ የይለፍ ቃል ምን ያደርግላታል?

በሄደ ማግስት ላፕቶፗን ያገኘቻት ክዳኗ እንደተዘጋ ነው። ቀና ስታደርጋት ምንም ሳትጠይቅ ነቃች። ነጅሚያ ያኔ ገባት፤ ስሊፕ ላይ፣ ሳትጠፋ እንቅልፍ ላይ እስካለች ቃል አትጠይቅም። አንዴ ካጠፋቻት ግን ለሸሪፍ መደወሏ ነው።

ስለዚህ አላጠፋቻትም።

መብራት በሄደ ቁጥር፣ ባትሪው ሳያልቅ ላፕቶፗን እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ ጄኔሬተር ወዳላት ጨርቅ ነጋዴ ወደ ዩስራ ትሮጣለች።

«ደግሞ መጣሽ? ይህችን ልጅ ጡት የምታስጥያት መቼ ነው?» ትላታለች ዩስራ።

«ዝም ብለሽ ሰኪልኝ።»

«ሰው ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ይተኛል። አንቺ እሷን አስተኝተሽ ቁጭ ብለሽ ታድሪያለሽ!»

ክረምት ገባ። ባሮ ሞላ፣ መልሶ ጎደለ። ላፕቶፗ መጀመሪያ መንቀራፈፍ፣ ከዚያ እንደ ፍም መጋል ጀመረች። አንድ ረፋድ ላይ ሆዷ ተነፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተንጋደደች። ነጅሚያ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግነውን ፑዎትን አስጠራችው።

ፑዎት ገልበጥ አድርጎ አያትና ራሱን ነቀነቀ። «ባትሪው አብጧል። እህቴ፣ መቼ ነው ያጠፋሻት?»

«ሸሪፍ ሳይሄድ።»

«ስሊፕ እኮ ለምሳ ነው! ወጣ ብለሽ፣ በልተሽ ትመለሻለሽ። አንቺ ይኸው ክረምቱን ሙሉ ምሳ ላይ ነሽ።»

ነጅሚያ ሳትወድ ሳቀች። «ሃይበርኔት ባደርጋትስ?»

«እሱም ሥራሽን አስቀምጦ ያጠፋታል፤ ስትነሳ ቃሉን መጠየቋ አይቀርም። ደግሞ ባትሪ የሚቀየረው ሙሉ በሙሉ ስትጠፋ ነው። እንዲሁ ከተውሻት እሳት ታመጣለች።»

«ቃሉን አላውቀውም።»

ማን ያውቀዋል ብሎ አልጠየቃትም። ቃሉ ሸሪፍ ጋ እንደሆነ፣ እሷም እንደማትደውልለት የገበያው ሰው ሁሉ ያውቃል። «ፋይሎቹን ወደ ፍላሽ እንገልብጣቸው» አለ ቀስ ብሎ። «ያለ ቃሉ ግን ማሽኗን ማስነሳት አልችልም። ደውዪ አላልኩሽም።»

«አላልክም» አለች።

የሰው ሥራ ሁሉ ተገልብጦ ካለቀ በኋላ ሸት ዳውን የሚለው ላይ ጣቷን አሳርፋ ቆየች። ሸሪፍ ሲሄድ ስሟን ጠርቶ በሩ ላይ ቆም ማለቱ፣ እሷም ቀና ብላ አለማየቷ ትዝ አላት። ከዚያ ተጫነችው። ሱቁ ውስጥ ሲያንሾካሹክ የከረመው የማራገቢያ ድምፅ ቆመ።

ደወለች። ስልኩ አይሠራም። መልእክት ጻፈች፣ አጠፋች፣ ደግማ ጻፈች፤ «ላፕቶፗን አጠፋኋት። ቃሉ ምንድን ነው?»

መልስ አልመጣም። አዲሱ ባትሪ ገባ፤ ጥቁሩ ስክሪን ግን ቃል እየጠየቀ ተገትሮ ቀረ። ዩስራ እንኳ መቀለዷን ተወች።

ዓርብ ዕለት፣ ነጅሚያ እየጠረገች ሳለ በሩ ጨለም አለ። ሸሪፍ ነበር፤ ከስቷል፣ ጫማው የዲማን ቀይ አፈር ተሸክሟል።

«በስልክ ብትልከው ምን ነበረበት?» አለችው መጥረጊያውን ሳትለቅ።

«ኔትወርክ ያገኘሁት ዲማ መናኸሪያ ስደርስ ነው። መኪናው ደግሞ ሊነሳ ነበር።»

«ወርቁስ?»

«ጭቃው ይበዛል።»

ተቀመጠና ቃሉን በሁለት ጣቱ መታ። ነጅሚያ እንደ ድሮው ጀርባዋን ሰጥታ መጥረጓን ቀጠለች። ላፕቶፗ ተነሳች፤ የስክሪኑ ብርሃን የጠረገችው ወለል ላይ አረፈ።

«ጁምዓ እንዳያመልጠኝ» አለና ተነሣ ሸሪፍ። «ማታ ስትዘጊ አጥፊያት። ፑዎት እንደነገረኝ ባትሪው አዲስ ነው።»

«ጠዋትስ ማን...» ብላ ዞር ስትል የመንገድ ቦርሳውን ጠረጴዛው ሥር ትቶ ደፍ ተሻግሮ ሄዷል።