አራሷን አልፈናት የሄድን ጠዋት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እየጾምኩ፣ እያስቀደስኩ፣ ይህችን አንዲት ነገር ደብቄ ኖሬአለሁ።

የልጅ ልጄ ክርስትና ነበር፤ ሰማንያ ቀኗ። ከደብረ ታቦር ተነስተን ገሳይ አጠገብ ወዳለው የአማቾቻችን ደብር በልጄ በበላይ ሚኒባስ እንሄዳለን። ገሳይ ሳንደርስ አስፋልቱ ላይ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተጥሎ አየን። መኪና ተበላሽቷል ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። አንዲት ባጃጅ ጎማዋ ፈንድቶ ቆማለች። ከጎኗ አንዲት እናት ሕፃን በነጭ ነጠላ ጠቅልላ ዝናቡ ይመታታል፤ ባሏ እጁን ያውለበልባል። እነርሱም ለክርስትና እንደሚሄዱ አውቄአለሁ። ሦስት ወንበር ባዶ ነበረን።

በላይ ፍሬን ያዘ።

«እማዬ፣ አራስ ናት። እንጫናቸው።»

«እንዳታቆም! ቅዳሴ ሊገባ ነው።»

«አምስት ደቂቃ እኮ ነው!»

«በማርያም ገዝቼሃለሁ፣ እለፍ!»

አለፈ። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሲያያቸው አየሁት። ማን ገዘተው? እኔ። በማን ስም? ልጇን ታቅፋ ማደሪያ ባጣች እናት ስም።

በእግራቸው ደረሱ። ቅዳሴው ወጥቶ ነበር። ቄሱ እያዘኑ «ለሚመጣው እሑድ ኑ» አሏቸው። የእኛዋ ተጠምቃ፣ ቆርባ፣ ማተቧን አስራ ተኝታለች፤ ያቺ እናት ግንቡ ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች። ባሏ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ መጣ።

«እናታችን፣ ያለፋችሁን እናንተ አይደላችሁ?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ሹፌሩ እንቢ አለኝ» አልኩት።

ሹፌሩ! የወለድኩትን ልጅ «ሹፌሩ» አልኩት። በላይ አጠገቤ ቆሞ ሰማኝ። አንድ ጊዜ አየኝ፤ አንገቱን ደፋና ሰውየውን ይቅርታ ጠየቀ። እኔ ዝም አልኩ።

ዝም እንዳልኩ ነው። ወሬው ተዛምቶ ሹፌሮቹ መናኸሪያ ላይ «አንተ አራስ ጣይ፣ ዛሬስ ስንቱን አለፍክ?» እያሉ ይቀልዱበታል፤ ስቆ ያልፋል። አንድ ቀን እንኳ «እናቴ ናት» አላለም። ከዚያ ወዲህ ቅርንጫፍ ባየበት ሁሉ ይቆማል። ክሪኩን አውርዶ ጭቃው ውስጥ ይንበረከካል። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ እጠብቀዋለሁ፤ ቶሎ በል ብዬው አላውቅም። ይህን ንስሐ ነው ብዬ ራሴን ስንት ጊዜ አታለልኩ? የተንበረከከው እርሱ አይደለም?

እንዲህ ያለ ልጅ የሰጠኝን አምላክ በየጠዋቱ አመሰግናለሁ። በሐሰት ያጎደፍኩትን ልጅ ይዤ ማመስገን ግን ከእንግዲህ ይበቃኛል።

ነገ ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ። እሑድ በላይ ወደዚያው ደብር ይወስደኛል። ያቺ እናት እስከ ዛሬ በየእሑዱ እዚያ ከልጇ ጋር ታስቀድሳለች፤ ሕዝቡ ሳይበተን ፊቷ እቆማለሁ። ቸኩዬ ነበር አልልም። ፈርቼ ነበር አልልም። ይቅር ባትለኝም አልቀየማትም።

«ሹፌሩ ልጄ ነው፤ ሊያቆምልሽ ነበር» እላታለሁ። «የከለከልኩት እኔ ነኝ።»