«ጋሽ ወልዴ ዛሬ አልመጡም»

እሁድ ጠዋት ዲላ መናኸሪያ ስደርስ ጋቢናዬ ተይዛለች።

«ጋቢናዬ» ማለቴ አይግረማችሁ... ሸቀጥ እያከፋፈልኩ ይርጋጨፌ መመላለስ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሆኖኛል፤ ሹፌሮቹ ሁሌም ከጎናቸው ነው የሚያስቀምጡኝ። ያን ቀን ግን አንድ የመንግሥት ኃላፊ ከነቦርሳቸው ተቀምጠውባታል።

«ጋሼ፣ ዛሬን ብቻ ይቻሉኝ» አለኝ ሹፌሩ ታምሩ፣ ከኋላ አንዲት በርጩማ እያሳየኝ።

ሌላ መኪና እንዳልጠብቅ ቸኩያለሁ። ለወንድሜ ልጅ ሚስት ልጠይቅ ሽማግሌ ሆኜ መሄዴ ነው፤ ሁለቱ ጓደኞቼ እዚያው ይርጋጨፌ ይጠብቁኛል። ያረፈደ ሽማግሌ ደግሞ ከደጅ ነው የሚመለሰው። ነጭ ጋቢዬን ሰብስቤ በርጩማዋ ላይ ቁጭ አልኩ።

ዳገቱ ጋ ስንደርስ ታምሩ «ትርፍ፣ ጎንበስ!» ብሎ ጮኸ። ትርፉ ማን ይሆን ብዬ ዙሪያዬን አያለሁ።

«አንተ ነህ እንጂ!» አለኝ ከጎኔ ካርቶን ያቀፈ ሰውዬ፣ ጋቢዬን ወደ ታች እየጎተተ። «አንገትህን እንደ ኤሊ አስገባ!»

ተጣጠፍን። የአንዲት ሴትዮ የጎመን ዘንቢል አናቴ ላይ ተጫነ። መኪናው ጸጥ አለ።

ይቺን ጸጥታ አውቃታለሁ! ትራፊክ በመጣ ቁጥር ከኋላዬ ጸጥ ይሉ ነበር... እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ «የዚህ መስመር ተሳፋሪ እንዴት ጨዋ ነው!» እል ነበር።

ትራፊኩ በመስኮት ብቅ አለ። «ታምሩ፣ ጋሽ ወልዴ የሉም እንዴ?»

ጋሽ ወልዴ እኔ ነኝ።

«ዛሬ አልመጡም» አለ ታምሩ።

ሳቄን ለማፈን ጎመን ነከስኩ። የሰውዬውም ትከሻ ይርገፈገፋል፤ ካርቶኑ ውስጥ ብርጭቆ ይንቃጨላል።

«ቀስ፣ እንዳይሰበር!» አለኝ በሹክሹክታ። «ዛሬ ልጄን ሊጠይቁ ከዲላ ትልልቅ ነጋዴዎች ይመጡብኛል። እኔ የቡና ማጠቢያ ዘበኛ ነኝ... በአሮጌ ብርጭቆ አጠጥቼ እንዳይንቁኝ ብዬ ነው።»

ሳቄ ደረቀ። የማጠቢያ ዘበኛ፣ ልጅ የሚጠየቅ... የልጅቷ አባት፣ ጋሽ በራሶ ናቸው! ቤት ስንመክር «እኛ ደጃቸው መሄዳችን ራሱ ለእነሱ ክብር ነው» ያልኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ልተዋወቃቸው ፈለግኩ... ግን ጎመን በራስ ተሸክሞ ከአማት ጋር ትውውቅ አለ?

ይርጋጨፌ ስንደርስ ፊቴን በጋቢዬ ሸፍኜ ወረድኩ። እሳቸው ካርቶናቸውን አቅፈው በአቋራጭ ሮጡ።

ትንሽ ቆይተን ሦስታችንም ደጃቸው ቆምን። ጓደኛዬ «ይሄ የልጁ አጎት፣ ጋሽ ወልዴ ነው» ብሎ አስተዋወቀኝ። ጋሽ በራሶ ትኩር ብለው አዩኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ... ጋቢዬ ላይ የጎመን ቅጠል ተለጥፏል። አበቃልን፣ ልጁን ሚስት አሳጣሁት አልኩ በልቤ።

«ጋሽ ወልዴማ ዛሬ አልመጡም» አሉ ኮስተር ብለው። «ሹፌሩ ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ጓደኞቼ ግራ ተጋብተው ያዩኛል። እኔ ግን አልቻልኩም፣ ሳቄ አመለጠኝ። «ትርፍ ሆኜ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«በእኔ ቤት ትርፍ የሚባል ሰው የለም። ቁጭ በሉ!» አሉና እሳቸውም በሳቅ ፈረሱ። ካርቶኑ ውስጥ ከነበሩት ስድስት ብርጭቆዎች አንዱም አልተሰበረም። በመጨረሻ ለሁለት ሳምንት ቀጠሩን... እየሳቁ የሚሰጡት ቀጠሮ ደግሞ እሺታ ነው።

ስመለስ ጋቢናዬ ባዶ ነበረች። አልዋሽም፣ ተቀመጥኩባት። ዳገቱ ጋ ከኋላዬ ጸጥ አለ።

«ጋሽ ወልዴ፣ ጠዋት የት ጠፉ?» አለኝ ትራፊኩ።

«ከኋላ አጎንብሼ ነበር» አልኩት። ታምሩ መሪውን ጨበጠ።

ትራፊኩ ሆዱን ይዞ ሳቀና... «እርስዎ ደግሞ!» ብሎ አሳለፈን።