አባቴና ትንሿ ነጭ ቫን

አባቴ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡረታ በወጡ በወሩ አንዲት ትንሽ ነጭ የዕቃ መጫኛ ቫን ገዙ። ያኔ አቃቂ ላይ ዕቃ የሚያመላልሰው ወይ ትልቅ የጭነት መኪና ነበር ወይ የፈረስ ጋሪ። እንግዳ ቤታችን ሲመጣ ገና ሳይቀመጥ ስለ ቫኗ ይጀምሩለታል።

"ቤንዚን ትቀምሳለች እንጂ አትጠጣም። ፒክአፕ የማይገባበት ቅያስ ትገባለች። የሳሎን ዕቃ በአንድ ምልልስ ትጨርሳለች። ዝናብ ቢመጣ ሸራ ፍለጋ መሯሯጥ የለ፤ ቆልፈህ ሻይህን ትጠጣለህ።"

ያሉት ሁሉ እውነት ነበር። እኔን ያሰረኝም ይኸው ነው። ጠባብ መንገድ ስለምትገባ የማንጠራበት ሰፈር አልነበረም። ትንሽ ስለሆነች ደግሞ አንድ ሰው ይበቃታል፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። የአባቴ ዓይን እየደከመ ሲመጣና ሐኪሙ ከእንግዲህ እንዳይነዱ ሲከለክላቸው መሪው እኔ እጅ ገባ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ በሕንፃ ንድፍ ዲፕሎማ ይዣለሁ። ጠዋት ወደ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ለሚገቡ ሰዎች ፍራሽና ሶፋ አደርሳለሁ፤ ከሰዓት ቂሊንጦ ላሉ ምግብ ቤቶች ሽንኩርትና ዱቄት፤ እሁድ የዕድሩን ድንኳን። በሰፈሩ ስሜ ተረስቶ "ባለቫኑ" ሆንኩ።

በዚህ መሃል ከሐዋሳ ደብዳቤ መጣልኝ። አንድ የግንባታ ድርጅት በንድፍ ሠራተኛነት ሊቀጥረኝ ፈልጎ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንድቀርብ ይላል። ዘጠኝ ቀን በኪሴ ይዤው ዞርኩ። ለአባቴ ልናገር አፌን በከፈትኩ ቁጥር "ነገ እኮ ሁለት ቦታ ቀጠሮ አለን" ይሉኛል። እኔም ደብዳቤውን ከኪሴ ሳላወጣ የቫኗን ቁልፍ አነሳለሁ።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ አባቴና እኔ አቃቂ ካለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ባለመስተዋት ቁም ሳጥን ጫንን። የምናደርሰው ቱሉ ዲምቱ ለምትኖር አንዲት አስተማሪ ነው። መስተዋቱ እንዳይሰበር ከኋላ ገብቼ ቁም ሳጥኑን በገመድ እያሰርኩ ሳለ የኋላው በር ድው ብሎ ተዘጋ። ያ በር ከውስጥ መክፈቻ የለውም። ንፋስ የዘጋው መስሎኝ "አባባ፣ ይክፈቱልኝ!" አልኩ። መልሱ የሞተሩ መነሳት ነበር።

ከጋቢናው የሚለየኝን ላሜራ በቡጢ ደበደብኩት።

"አባባ! ምን እያደረጉ ነው?"

"አይዞህ፣ እኔ ነኝ!" አሉ፤ ድምፃቸው ኩራት ነበረበት። "አንተ ዕቃውን ያዝ!"

"ያቁሙ! እባክዎ ያቁሙ!"

"ቅርብ እኮ ነው። ይህን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።"

ኮብልስቶኑ አለቀና አስፋልቱ ላይ ወጣን። ምንም አይታየኝም። የቫርኒሹ ሽታ ጉሮሮዬን ያዘኝ፤ ቁም ሳጥኑ በየመታጠፊያው ትከሻዬን ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። ከወደብ ዕቃ የሚያመላልሱ ከባድ መኪኖች በአጠገባችን ባለፉ ቁጥር ቫኗ ትንቀጠቀጣለች። አንዱ ረጅም ክላክስ አሰማና አባቴ ወዲያው ፍሬን ያዙ። ሞተሩ ጠፋ። ቆምን።

"አባባ?"

ልጅ ሆኜ እንኳን ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ "ፀሐይዋ ፊቴ ላይ መጣች። ምንም አይታየኝም። መሃል አስፋልት ላይ ነን መሰለኝ" አሉኝ።

ቀስ ብዬ ተናገርኩ። "የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ። አዎ። በሩን ከፍተው እንዳይወርዱ፣ መኪና አለ። አሁን ክላክሱን ይጫኑ፤ ሰው እስኪመጣልን አይልቀቁት።"

ተጫኑት። ክላክሱ ሳያቋርጥ ጮኸ፤ መኪኖቹም ዝም ብለው ያልፋሉ። ከኋላ አንዱ ቢመታን መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። የቫኗ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። በመጨረሻ እጃቸው ደከመና ለቀቁት።

"እናትህ ሱሪህን ልታጥብ ስትል ደብዳቤውን አግኝታዋለች" አሉ ከላሜራው ወዲያ። "ብቻዬን መሥራት እንደምችል ካየህ ልብህ ሳይከፈል ትሄዳለህ ብዬ ነው።"

ግንባሬን ላሜራው ላይ አስደግፌ ቀረሁ።

የፋብሪካ ሠራተኞችን የሚያመላልስ አውቶብስ ከኋላችን ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ፣ ከውስጥ ስደበድብ ሰምቶ በሩን ከፈተልኝ።

"ምን ሆናችሁ ነው?"

"ሞተር ጠፍቶብን ነው" አልኩት። አባቴ ሰምተዋል። ወደ ቀኙ ወንበር ተሻገሩ።

ቁም ሳጥኑን አራተኛ ፎቅ ድረስ አወጣነው፤ መስተዋቱን ጭረት እንኳን አልነካውም። ስንመለስ አባቴ "እንሽጣትና ሂድ" አሉኝ። ዞር ብዬ አየኋቸው፤ ሁለቱንም እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የማያዩትን መንገድ ትኩር ብለው ይመለከታሉ። "የለም፣ አንሸጣትም" አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ በራሴ ተናደድኩ፤ እሳቸው ክፉ አባት ቢሆኑ ኖሮ በቀለለኝ ነበር። ሁለቱ ሳምንታት አለፉ፤ ወደ ሐዋሳ ስልክ እንኳን አልደወልኩም።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ነዳሁ። በጠዋት ሞተር ባስነሳሁ ቁጥር ደረቴን የሚጫነኝ ነገር ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩትም። ያኔ ተማሪ የነበረችው ታናሽ እህቴ ናት የገላገለችኝ። አንድ ቀን ቁርስ ላይ መንጃ ፈቃዷን ከሻይ ብርጭቆዬ አጠገብ አስቀመጠችና፣ "ቁልፉን አምጣ፣ አንተ እኮ ስትነዳ ፊትህን አይተኸው አታውቅም" አለችኝ። አባቴ ቀና አሉ፤ የተቃወመ ሰው አልነበረም።

እኔ ከቤት ሩቅ ያልሆነ ፋብሪካ ውስጥ በንድፍ ክፍል ተቀጠርኩ። በመጀመሪያው ቀን በሰርቪስ አውቶብስ መስኮት በኩል ተቀምጬ፣ ሌላ ሰው እየነዳ ስሄድ፣ ምክንያቱን ሳላውቀው እንባዬ መጣ።