እንዲሁ የሚበላ ሃጊስ

ኢሽቤል መክፋይል በሰሜን ስኮትላንድ ባለችው በዚህች የወደብ ከተማ ሥጋ ቤት ከከፈተች ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ቋሊማም ትሸጣለች፤ ስሟን ያስጠራው ግን ሃጊሷ ነው። ሐሙስ ሐሙስ የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ቀቅላ ትፈጫለች፤ ከአጃ፣ ከሞራ፣ ከሽንኩርትና ከቁንዶ በርበሬ ጋር ትለውሳለች፤ ጨጓራ ውስጥ ሞልታ፣ ሰፍታ መልሳ ትቀቅላለች። ለቅመሙ ሚዛን አታውቅም። ከልውሱ አንድ ማንኪያ መጥበሻ ላይ ጣል ታደርግና አፍንጫዋን ታስጠጋለች፤ አፍንጫዋ በቃ ሲላት በቃ ነው።

ቅዳሜ ስትሸጥ ደግሞ ሌላ ልማድ አላት። የመጣውን ሁሉ "ያለፈውን እንዴት በላችሁት?" ብላ ትጠይቅና ደስ ያላትን መልስ ከባንኮኒው ጀርባ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ትጽፋለች። ለዓመታት ሰሌዳው ላይ የነበረው ያው ነው፦ ከተፈጨ ድንችና ኒፕ ከሚሉት ቢጫ ሥር ጋር፤ ወይም ቆርጦ ጠብሶ፣ ዳቦ ውስጥ ከእንቁላል ጋር። ከሁሉ ግርጌ አንዲት ቃል ብቻ አለች፦ "እንዲሁ"። እሷ የቶርኪል ናት። ቶርኪል የሰማንያ ሦስት ዓመት አዛውንት፣ ጡረታ የወጡ መርከብ ጠጋኝ ናቸው። ሃጊስ ላይ ሌላ ነገር መጨመር ለእሳቸው ሙሽራን በጆንያ እንደ መሸፈን ነው።

አምና በብርዱ ወራት ኢሽቤልን ክፉ ጉንፋን ጣላት። ስድስት ሳምንት ሥጋ ቤቱ ተዘጋ፤ ከተማው "እንግዲህ አበቃላት" ብሎ አዘነ። ዳነች። አፍንጫዋና ምላሷ ግን አብረዋት አልተነሡም። ሳሙናውም ሽንኩርቱም አንድ ሆነባት። ለማንም አልተናገረችም። ሐሙስ መጥበሻው ላይ አጎንብሳ ብታሸት ምንም የለም፤ ቁንዶ በርበሬ ጨመረች፤ አሁንም የለም፤ ደገመች። "እጄ ያውቀዋል" አለች ለራሷ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሰሌዳው ማማር የጀመረው ያኔ ነው።

"በክሬም ነው የበላነው" አለች ኢና፣ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ የምትነዳው። "በብዙ ክሬም።"

"ጎበዝ! ሌላስ?"

"ማርም ጠብ አደረግንበት። ልጆቹ ደግሞ ከወተት ጋር ወደዱት። ከብዙ ወተት ጋር።"

"አየሽ፣ ሰው ሲሠለጥን እንዲህ ነው!" ብላ ኢሽቤል ጠመኔዋን አነሣች።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ አዲስ ነገር ይዞ መጣ፦ በእርጎ፤ ከተቀቀለ ፖም ጋር፤ ቅቤ የጠገበ ድንች ውስጥ ተቀብሮ። ይሉኝታ የአበሻ ብቻ የሚመስለው ካለ ከዚህች ከተማ አንድ ወር ይቀመጥና ይየው። ኢሽቤል ኮራች። ቅር ያላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቶርኪል አምስት ቅዳሜ ሙሉ ብቅ አላሉም። በስድስተኛው ሳምንት ትኩስ ሃጊስ በፎጣ ጠቅልላ በምሳ ሰዓት በራቸውን አንኳኳች።

"ምን አጠፋሁ?" አለች ገና ከደጅ።

"ግቢና በሩን ዝጊው፤ ብርድ ነው" አሉ ቶርኪል።

"አሁን ከማን ነው የሚገዙት? ይንገሩኝ።"

"ከማንም። በሾርባ ነው የምኖረው።"

ቢላ አንሥተው ሃጊሱን ቀደዱና ሁለት ማንኪያ አመጡ። ሁለቱም እንዲሁ በሉ። ለኢሽቤል የተሰማት የአጃው ሻካራነት ብቻ ነው። ቀና ስትል የቶርኪል ግንባር በላብ ርሷል፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ማንኪያቸውን ግን አላስቀመጡም።

"ምን ሆኑ?"

"ቁንዶ በርበሬው ነው፣ ልጄ።"

"በዛ?"

"በዛ ትላለች እንዴ! ያለ ነዳጅ መርከብ ያስነሣል።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ገና ከአልጋ መነሣትሽ ነው፣ በምን አፌ? ሠላሳ ስድስት ዓመት 'እንዲሁ' ስልሽ ኖሬ፣ ዛሬ ማር ቀባሁበት ብዬ ልዋሽሽ ደግሞ? አልሆንልህ አለኝ፤ ቀረሁ።"

ሰሌዳዋ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ክሬም፣ ወተት፣ እርጎ፣ ማር። ለካ ከተማው ከወር በላይ እሳት ሲያጠፋ ነው የከረመው። ከቶርኪል በቀር መግዛቱን የተወ የለም፤ የነገራትም የለም። መጀመሪያ ተናደደች፣ ቀጥላ አፈረች፣ ከዚያ አለቀሰች።

"አፍንጫዬ ሞቷል" አለች። ለሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው። "ቤቱን እዘጋዋለሁ። እኔ የማላውቀውን ጣዕም ለሰው እንዴት እሸጣለሁ?"

ቶርኪል ላባቸውን ጠረጉ። "የኔ ምላስ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ሐሙስ በስንት ሰዓት ነው የምትለውሺው?"

ሐሙስ ማለዳ መጥተው ከመጥበሻው አጠገብ ተቀመጡ። ቀመሱና "ገና" አሉ። ቆንጥራ ጨመረች። "ጨው" አሉ። ጨመረች። በሦስተኛው ቀስ ብለው አኘኩ። ኢሽቤል የምታየው አፋቸውን ሳይሆን ግንባራቸውን ነበር።

"በቃ" አሉ።

ቅዳሜ ኢና ስትገባ ሰሌዳው ተጠርጎ ባዶ ነበር።

"ያለፈውን እንኳን በክሬም..."

"የክሬሙን ተረት ተይው፤ ሰምቻለሁ" ብላ ኢሽቤል አቋረጠቻት። "ይሄን ውሰጂና ምንም ሳትጨምሪ ብዪው። ደግሞ ብትዋሺኝ ቋሊማም አልሸጥልሽ!"

ኢና ፊቷ ቀላ። ሃጊሱን ተቀብላ ወጣች።

ሰኞ አውቶቡሱን ሥጋ ቤቱ በር ላይ አቆመችና ሞተሩን ሳታጠፋ በመስኮት ጮኸች፦ "እንዲሁ! ልጆቹም እንዲሁ! ወተት ያለ የለም!"

ኢሽቤል ጠመኔዋን አንሥታ ያችኑ አንዲት ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ምሳዋን ከዚያው ሃጊስ ቆርጣ ከቶርኪል ጋር ባንኮኒው ላይ በላች። አሁንም አጃው አፏ ውስጥ ሻከረ እንጂ ሌላ ምንም የለም። ቀና ብላ አዛውንቱን አየቻቸው። ግንባራቸው ደረቅ ነው። ማንኪያዋን ሞልታ ደገመች።