ስክሪኑን ያዞርኩ ዕለት

«ይሄን ገጽ የነደፈው ሰው ሥራውን አያውቅም» አለኝ ፊት ለፊቴ ቆሞ። ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ ሊያሠለጥነን የመጣ ወጣት ነው። ለሙከራ የራሱን ስምና ፎቶ፣ ገጹ የጠየቀውንም ሁሉ አስገብቶ «ፈልግ» የሚለውን ሲጫን፣ ገጹ «ተቀብለናል» ብቻ ብሎ ዝም አለው። ውጤቱ የት እንደገባ ጠየቀኝ። ለጠያቂው እንደማይታይ ነገርኩት። ሳቀ። የነደፍኩት እኔ ነኝ ስለው ደግሞ አፈረና ስልኩን መነካካት ጀመረ። ምክንያቱን ልነግረው ነበር፤ ግን አውሮፕላኑ እንዳያመልጠው ወደ አዘዞ ሊሮጥ ነው፣ የኔ ነገር ደግሞ ለቆመ ሰው የሚወራ አይደለም። እዚህ ልጻፈው።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም፤ ቤት መቀመጥ ደግሞ ያሳብደኛል። ጎንደር አራዳ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል፣ የጠፉ ስደተኞችን በኢንተርኔት የሚያፈላልጉ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ጣቶቼ ኪቦርድ ላይ ስለሚፈጥኑ ወሰዱኝ። የሚፈለጉት በመተማ አድርገው ሱዳንን፣ ከዚያም በረሃውን ሲሻገሩ ድምፃቸው የጠፋ ልጆች ናቸው። ፊትን ከፊት የሚያመሳስል መሣሪያ አለን፤ ፎቶ የት እንደተነሳ የሚጠቁም አለን፤ የተያዙና የሞቱ ሰዎች ምስል የሚለጠፍባቸውን ቡድኖች የሚያስስ አለን፤ ከሁሉ በላይ እኛን የሚደብቅ አለን። ደላሎቹ ማን ልጁን እየፈለገ እንደሆነ ካወቁ በማግስቱ ለእናትየዋ ይደውላሉ፣ ልጁ በእጃቸው ኖረም አልኖረም።

ችግሩ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ በርና የራሱ የይለፍ ቃል ነበረው። ኢንተርኔቱ ደግሞ በዚያ ሰሞን እንደ ክረምት ፀሐይ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። አንዱን ከፍተን ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ይቆረጣል፤ ጭቃ እያቦካች የመጣች እናት ነገ ነይ ተብላ ትመለሳለች። ያን ነገር እጠላው ነበር። ኮዱን የሚጽፈው ብሩክ ሁሉንም በአንድ ገጽ ሊያስር ሲነሳ፣ ከቤተሰቦቹ ጋር የምቀመጠው እኔ ስለሆንኩ ገጹ ምን ይምሰል ብሎ ጠየቀኝ።

ብሩክ ቀስ ብሎ የሚያስብ ሰው ነው። ውጤቱ መጀመሪያ ለእኛ ብቻ ቢታይ ይሻላል አለ።

«እኛ ማን ነን?» አልኩት። «ልጁ የሷ ነው። ስም፣ ፎቶ፣ መልስ። በቃ።»

«መልሱ መጥፎ ቢሆንስ?»

«መጥፎም ቢሆን የሷ ነው።»

ተሸነፈ። እኔን መከራከር ሰው ቶሎ ይሰለቸዋል። ፎቶው ስክሪኑን ሙሉ እንዲይዝ አደረግን፤ ከላዩ በአረንጓዴ «ተገኝቷል» ይላል። ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ደበቁን እንዳንባል ስክሪኑንም ወደ ጠያቂው አዞርኩት። ቀን ከሌት ስለ መደበቅ ስናወራ እኔ ከደላላ መደበቅን ብቻ ነበር የማስበው።

እትዬ የሻረግ ቅዳሜ ቅዳሜ ከትክል ድንጋይ ይመጡ ነበር። ባላቸው ሞተዋል፤ የሚፈልጉት አንድ ልጃቸውን ጌትነትን ነው። ከሄደ ዓመት አልፎታል። ግንባሩ ላይ በልጅነቱ በቅሎ ረግጣው የቀረች ጠባሳ አለችው፤ ይህቺን ምልክት በመጡ ቁጥር ይነግሩኛል፣ የረሳኋት ይመስል። አዲሱ ገጽ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን፣ በመስከረም፣ የባቄላ እሸት በፌስታል ይዘውልኝ መጡ። እየፈለፈልኩ የልጁን ስም አስገባሁ። ኔትወርኩ የዚያን ቀን ሸጋ ነበር።

አረንጓዴው ጽሑፍ ቀድሞ መጣ። ሳላስበው፣ እትዬ ተገኘ፣ አልኩ። እጄን ያዙኝ። ፎቶው ግን ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ነው የሚከፈተው። መጀመሪያ አሸዋ፣ ከዚያ ፀጉር፣ ከዚያ ግንባርና ጠባሳዋ። ጊዜ ነበረኝ። ስክሪኑን መልሶ ለማዞር አንድ እጅ ይበቃል። አንዱ እጄ በእሳቸው ተይዟል፤ በሌላው እሸቱን እንደያዝኩ አፍጥጬ አየሁ። ዓይኖቹ ተከድነዋል፣ ደረቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አለ። ከጎኑ የሌላ ሰው ትከሻ ይታያል።

እትዬ የሻረግ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እጄን ለቀቁ።

«የኔ አይደለም» አሉ።

ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ደኅና ዋይ ብለውኝ ወጡ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደ ወትሮው መጡ። እስኪ ዛሬ ደግሞ እይልኝ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለችው፣ አሉኝ። ስክሪኑን ወደ ራሴ አዙሬ ኔትወርክ የለም አልኳቸው። ነበረ። ሁለት ቅዳሜ እንዲያ ሸኘኋቸው። ጥቁር አልለበሱም፤ ልጄ ደኅና ነው ብለውም አያወሩም። በየሳምንቱ ትንሽ እየከሱ ብቻ ደረጃውን ይወጣሉ።

መታገሥ የሚባል ነገር አልተፈጠረብኝም። ከመዝገባችን የባላቸውን ወንድም የአያ ሞላን ስልክ አግኝቼ ደወልኩና፣ ጌትነት ሞቷል፣ እናቱም አይተውታል አልኩ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም። ስልኩ ተዘጋ። በማግስቱ አያ ሞላ ከእትዬ የሻረግ የነፍስ አባት ጋር መጡ። አያ ሞላ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንቺን እንኳን ለመርዶ፣ ለሠርግ ጥሪም አልልክሽ።»

ብሩክ ወንበር አቀረበ፤ አልተቀመጡም። እኛ ዘንድ፣ አሉ አያ ሞላ፣ ወሬው መጀመሪያ ለነፍስ አባት፣ ከዚያ ለዘመድ፣ ከዚያ ለጎረቤት ይዳረሳል። ሁሉም እያወቀ እናትየዋ ፊት ይስቃል፣ አብሯት ገበያ ይውላል። ዘመድ ከሩቅም ከቅርብም ተጠራርቶ ሲሞላ፣ ጎህ ሲቀድ በሯ ላይ ይነገራታል። ይህን እኔም አውቀው ነበር። ጎንደር ተወልዳ ያደገች ልጅ መርዶ እንዴት እንደሚረዳ አስተማሪ አያስፈልጋትም። ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ ግን ከቤቴ የማውቀውን ሁሉ በር ላይ ትቼው ነበር የምገባው።

«እናት መጨረሻ ነው የምትሰማ» አሉ አያ ሞላ። «እናንተ መጀመሪያ አሰማችኋት። ስትወድቅ ማን ይያዛት?»

ፎቶውን ከፈትኩላቸው። አያ ሞላ አንዴ አይተው ዞሩ። ቄሱ ጠባሳዋን በጣታቸው ነክተው አማተቡ።

በዚያ ሳምንት ገጹን አፍርሰን ሠራነው። መሣሪያዎቹ በአንድ እንደታሰሩ ቀሩ፤ አረንጓዴው ጠፋ። ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ገጹ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ወሬ ቢገኝ ለማን እንንገር? ጠያቂው የሁለት ሰው ስም ካልሰጠ አይፈልግም። ውጤቱ የሚደርሰው ለእነዚያ ለሁለቱ ብቻ ነው። ደጉም ወሬ በዚያው መንገድ ይሄዳል፤ አለዚያ ዝምታው ራሱ መርዶ ይሆናል። ይህችን የመጨረሻዋን ያሰበው ብሩክ ነው።

የመርዶው ቀን ሲቆረጥ እሄዳለሁ አልኩ። አያ ሞላ አትምጪ አሉኝ፣ ብሩክም ተይ አለኝ። ያደረግሁትን ፊት ለፊት ማየት አለብኝ ብዬ ዋዜማውን ትክል ድንጋይ ወርጄ አያ ሞላ ቤት አደርኩ። ሳይነጋ ወጣን። ጤዛው ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ አራሰው። ከየጎጡ ጋቢ የተከናነበ ሰው ብቅ እያለ ይቀላቀለናል፤ እንዴት አደርክ የሚል የለም። ከእትዬ የሻረግ ደጅ ስንደርስ ግቢው ሞልቶ ነበር፤ የሚያስል ሰው እንኳ የለም። ቄሱ አንኳኩ።

ቅዳሜ ነበርና እትዬ የሻረግ ለጎንደር መንገድ ለብሰው ነው የከፈቱት። ቄሱ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው። የተሰበሰበውን ሰው አንድ በአንድ አዩ፤ ወንድሞቻቸውን፣ ከሩቅ የመጡትን እህታቸውን፣ ጎረቤቶቻቸውን። እኔ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህቺ ልጅ ትሂድና ንገሩኝ» አሉ።

ማንም አልዞረም። አያ ሞላ ብቻ ከፊቴ ገለል አሉልኝ። በሰዉ መሃል አልፌ፣ ከአጥሩ ወጥቼ፣ የመኪናውን መንገድ ይዤ ወረድኩ።