ከትምህርቱ የተቆረጠው ዜማ

ዘርፌ ጉርድ ሾላ ባለው የምህንድስና ኮሌጅ ግንባታ ስታስተምር ፀጉሯ ሸበተ። ዘንድሮ ግን የሚያስተምረው ድምፅዋ ብቻ ነው። ኮሌጁ የትምህርቶቿን ቅጂ በድምፅዋ ለሚያስተምርና ጥያቄ ለሚመልስ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሰጥቷል፤ ተማሪዎቹ ያሉበት ሆነው በስልክ ይማራሉ፣ በስልክ ይፈተናሉ። ዘርፌ በጠራራ ፀሐይ በባዶው ኮሪደር ስታልፍ፣ ሰው ከሌለበት ክፍል፣ ሳይጠፋ ከቀረ ኮምፒውተር፣ የገዛ ጉሮሮዋ ሲያስረዳ ትሰማለች። ድምፁ ለትንፋሽ ሲያርፍ እሷም ሳይታወቃት አብራው ትተነፍሳለች።

በድሮው ክፍሏ አንድ ልማድ ነበራት። በረንዳ በምታስተምርበት ቀን ከላይ መሆን ያለበትን ፌሮ፣ የአርማታውን ብረት፣ ሆን ብላ ከታች ትስለውና ዝም ትላለች። «ቲቸር፣ ተሳስተዋል!» ብሎ የሚነሳ እስኪገኝ ትጠብቃለች። ሲገኝ ክፍሉ በሳቅ ይፈነዳል፤ እሷም ጠመኔዋን አስቀምጣ ታንጎራጉራለች፦

እግሩ አየር ረግጦ ወጥቶ ለሚኖረው፣
ከላይ ነው ጅማቱ፣ ከጀርባው እሰረው።

ያን ዜማ የሰማ ተማሪ ሲያረጅም አይረሳውም።

ሐሙስ ከሰዓት ያቤጽ የሚባል፣ ቦሌ አንድ ሕንፃ ላይ ልምምድ የወጣ ተማሪ ፎቶ ላከላት። «ቲቸር፣ የመጀመሪያ በረንዳዬ! አርማታው እየመጣ ነው።» ዘርፌ ፎቶውን አየች። ፌሮው ከታች ተኝቷል። ወዲያው ደወለች።

«ያቤጽ፣ አስቁም! ፌሮው ከላይ ነው የሚሆነው። ሰው ሲቆምበት ይወርዳል!»

«እንዴ ቲቸር! ፕላኑም ከላይ ይል ነበር፤ እርስዎን ጠይቄ ነው ያስቀየርኩት።»

«እኔን? መቼ?»

«ቆይ ያድምጡ።»

ስልኩ ውስጥ የራሷ ድምፅ ረጋ ብሎ መጣ፦ «የበረንዳ ፌሮ ከታች ነው፣ የኔ ልጅ።»

ስልኩን ዘግታ ከግቢው ወጣች። ራይድ ጠርታ ገባች፤ እየሄደችም ትምህርቱን ከፍታ አደመጠችው። ድምፅዋ «ፌሮው እዚህ ከታች» እያለ ይስላል። ዝም ይላል፤ ያው የሷ ዝምታ፣ ያው ርዝመቱ። የሚነሳ የለም። ሳቅ የለም፣ ዜማ የለም። «ወደሚቀጥለው እንለፍ» ይላል። ያኔ የኮምፒውተር ክፍሉ ቢሩክ «ጫጫታውን ሁሉ አጽድተንልዎታል» ያላት ታወሳት። የተማሪው እርማትና የእሷ እንጉርጉሮ ነበሩ ጫጫታው።

ሕንፃው ላይ ስትደርስ ግማሹ በረንዳ በአርማታ ተሞልቷል።

«በቃ! አቁሙ!» አለች እያለከለከች።

የሠራተኞቹ አለቃ ደጀኔ አንዴ እሷን፣ አንዴ የያቤጽን ስልክ አየ። «እመቤቴ፣ ስልኩ ላይ ያሉትም እርስዎ፣ እዚህ ያሉትም እርስዎ። የትኛዋን እንስማ?»

«የምትደክመዋን!» አለችና አካፋ ነጥቃ እርጥቡን አርማታ ትዝቅ ጀመር። ያቤጽ ስልኩን ኪሱ ከትቶ አጠገቧ በጉልበቱ ተንበርክኮ በእጁ ይዝቅ ያዘ። ደጀኔም «ኑ እንጂ፣ ሳይደርቅ!» ብሎ ሰዎቹን ጠራ። ከራሳቸው በላይ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ማንም ቀና አላለም።

ፌሮው ራቁቱን ሲወጣ ያቤጽ ቀስ ብሎ «ቲቸር፣ ሌሎቹስ?» አለ። «ሁላችንም እኮ የተማርነው ከሱ ነው። አብራኝ የምትማረው ናኦሚ አያት ሰፈር ነው ያለችው፤ በረንዳዋን ዛሬ ነው የምትሞላው።»

ዘርፌ ቁጥሯን ተቀብላ በራሷ ስልክ ደወለች።

«ሄሎ ናኦሚ፣ ዘርፌ ነኝ። የበረንዳሽ ፌሮ…»

ከወዲያ ማዶ ሳቅ መጣ። «ውይ! አሁን ደግሞ ራስሽ መደወል ጀመርሽ? አሪፍ ነው ባክሽ፣ ልክ እሷን ነው የምትመስዪው! ግን አሁን ሥራ ላይ ነኝ፣ በኋላ እጠይቅሻለሁ።»

ተዘጋ። እሷም ደግማ፣ ያቤጽም በራሱ ስልክ ሞከሩ፤ የናኦሚ ስልክ ተዘግቷል።

ዘርፌ አርማታ የተጋገረበትን እጇን ሳትታጠብ ደረጃውን ወረደች፤ መንገድ ዳር ቆማ ወደ አያት የሚሄደውን መኪና ሁሉ በእጇ ታስቆም ጀመር።