የሺፍት ጓደኛዬ ስም በልጄ ወረቀት ላይ

ልጄ ስትወለድ አባት ተብሎ የተጻፈው ግርማ ነው። አንድ ታክሲ ለሁለት የያዝነው ግርማ። ይህን ዘልዬ ስለ ሥራችን ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል።

ሥራ የጀመርኩ ቀን አጠገቤ ተቀምጦ መንገድ ያሳየኝ እሱ ነበር። ማንበብ አልችልም ነበር፤ መንገዱን የያዝኩት በሕንፃና በዛፍ ነበር። ፌርፋክስ የሚባለው ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ሲይዘን የመንገዱን ስም እያሳየ፣ «ይቺ ኤፍ ናት። እስካሁን እንዴት አልጠፋህም አንተ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ስሜን አስጻፈኝ። ቀጥሎ የሱን። አርባ አልፎኝ ነበር።

በኋላ እሱ ቀን፣ እኔ ማታ ነዳን። የመኪናው ሊዝ፣ የኪራይ ውሉ፣ በሱ ስም ነው። ጠዋት ነዳጅ ሞልቼ፣ ምንጣፉን አራግፌ፣ ኢንግልዉድ ሰፈር ያለው ቤቱ በር ላይ ፓርክ አደርግና ቁልፉን እሰጠዋለሁ። በመካከላችን ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም። ተጣልተንም አናውቅም።

የባለቤቴ የአስቴር ማህፀን በኦፕሬሽን ወጥቷል። ዶክተሩ፣ የሷ እንቁላልና የኔ ዘር ተዋህዶ ሌላ ሴት ልትሸከምልን እንደምትችል ነገረን። የግርማ ሚስት ሰናይት ሳንለምናት «እኔ እወልድላችኋለሁ» አለች። ክሊኒኩ ያለ ውል አይሆንም ስላለ አራታችንም ፈረምን።

ሰናይት ስድስት ወር ሲሆናት ውሉን ያዘጋጀችልን ጠበቃ ጠራችን። «ውሉ ብቻውን አይበቃም» አለች። «ልጅቷ ሳትወለድ ዳኛ ወላጆቿ እናንተ ናችሁ ብሎ ካልወሰነ፣ ሆስፒታሉ የሚጽፈው የወለደችውንና ባሏን ነው።» ለኮርቱም የአራታችን ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ሦስታችን ፈረምን። ግርማ «ነገ» አለ። ደግሜ ስጠይቀው፣ «ልጅህን ልሰርቅህ ነው እንዴ? ቁልፍ ስሰጥህ አስፈርምሃለሁ?» አለኝ። አፍሬ ነገሩን ተውኩት።

ነገሩ የገባኝ ልጅቷ በተወለደች ሳምንት ነው። ሰናይትን ሆዷ ገፍቶ ቤተ ክርስቲያን ያላያት የለም። ኤርፖርት ሾፌሩ ሁሉ ግርማን ከቦ «እንኳን ማርያም ማረችልህ» ይለዋል። አንዱ፣ «እና የቀኑን ሺፍት የያዝከው ማታ ማታውን ለዚህ ፈልገኸው ነው?» ብሎ አሳቀን። ግርማ «አሜን፣ አሜን» አለ። እኔም ሻዬን ይዤ ሳቅኩ። ያልፈረመው፣ ሚስቱ የሌላ ሰው ልጅ ወለደች እንዳይባል ፈርቶ ነው። ልጅቷ እኛ ቤት ናት፤ እሱ ግን ለሰው «ሰናይትን ስላመማት አስቴር እያገዘቻት ነው» ይል ነበር።

የልደት ወረቀቷ መጣ። ያለ ሰው እርዳታ አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያው የመንግሥት ወረቀት እሱ ነው። የአባት ስም የሚለው ጋ ስደርስ አልተቸገርኩም። ያን ስም መጻፍ ያስተማረኝ ራሱ የስሙ ባለቤት ነው።

ደሴ ያለችው አማቴ ታማ፣ «የልጅ ልጄን ሳላይ እንዳልሞት» አለች። ፓስፖርት ለማውጣት ወረቀቱ ላይ ያሉት ወላጆች መፈረም አለባቸው። ሰናይት ፈረመች። ግርማ «ወሬው ትንሽ ይብረድ» አለ። አማቴ ሳታያት ሞተች። አስቴር ልጅቷን አቅፋ ከመኝታ ቤት አልወጣችም። በማግስቱ ጠዋት ለግርማ ቁልፉን ሰጠሁትና ማታ መኪናውን ልረከብ አልተመለስኩም።

ጠበቃችን ጉዳዩን ኮርት አስገባች። ባሏን ጎትታ ያመጣችው ሰናይት ናት። ዳኛዋ ስትጠይቀው፣ እኔን ሳያይ፣ «አባቷ እሱ ነው። መቼም ጠፍቶኝ አያውቅም» አለ። ዳኛዋም ወረቀቱ በኔና በአስቴር ስም እንዲታረም ወሰነች። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ከኋላዬ «ተሾመ» አለኝ። ሰምቼዋለሁ። አልዞርኩም። ዛሬ ቢሆን እዞር ነበር።

እናንተ ወጣት ሾፌሮች፣ ቁልፍ በቃል ተቀባበሉ፤ ችግር የለውም። ልጅ ከሆነ ግን ሳይወለድ አስፈርሙ፣ ወንድማችሁንም ቢሆን። የኛ ጉዳይ ያለቀው በፈረንጅ 2016፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ ነው።